የብርዕ መፈተኛ

አንዱ ሰው ፈረስ ይወዳል፣ አንዱ ጠመንጃ ይወዳል፣ አንዱም ሙግት ይወዳል፤ እኔ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጠጉሬ እስኪነጣና ዓይኔም ያለ መነጽር አላይም ብሎ እስኪያምፅ ድረስ ልቤን አሳልፌ የሰጠሁት፣ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ለማይበልጥ፣ ቀለም ጠጥቶ ቀለም ለሚተፋ ዕቃ ነው። በመሳቢያዬ ውስጥ 11 ብዕሮች አሉ፤ ከእነዚህም አራቱ ይጽፋሉ፣ ሦስቱ በልመናና በማባበል ይጽፋሉ፣ የቀሩት አራቱ ጡረታ ወጥተው በጥጥ ላይ ተኝተዋል። ባለቤቴ ሒሳብ ዐዋቂ ስለ ሆነች መሳቢያውን በከፈትሁ ቍጥር «ዐሥራ አንድ በሬ ያለው ገበሬ ቢያንስ አንድ ጥማድ ያርሳል፤ ዐሥራ አንድ ብዕር ያለህ ሰው የጻፍኸው መጽሐፍ የታለ?» ትለኝ ነበር። እኔም መልስ ስላልነበረኝ መሳቢያውን እዘጋ ነበር። ይህች ወግ እንግዲህ ከብዙ ዓመት በኋላ የተገኘች መልስ ሆና ትቈጠርልኝ።

ብዕር ስል በደርዘን ተገዝቶ በየስብሰባው የሚረሳውን እስክሪብቶ ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ ዘንድ እለምናለሁ። እኔ የምለው ሆዱን ቀለም የሚሞላውን፣ ምላሱ መካከል ለመካከል የተሰነጠቀውን፣ ክዳኑ ሲወልቅ ጌታው አንድ ነገር ሊናገር መሆኑን የሚያስታውቀውን ነው። በልጅነታችን ፋብሪካው የትም ይሁን የት ስሙ ፓርከር ነበር፤ በደረት ኪስ ተሰክቶ ሲያብለጨልጭ የሰውዬውን ማዕርግ ይመሰክር ስለ ነበረ፣ ፓርከር በኪሱ ሰክቶ በአውራ ጣቱ የሚፈርም ባላባትም አይቻለሁ።

ይህ ፍቅር የተጠነሰሰው በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከዋርካው ሥር ነው። ፊደል ያስቈጠሩን የኔታ ከማስተማር ሌላ ቁም ጸሐፊም ነበሩና፣ እኛ ሕፃናቱ በአንድ በኩል ሀ ሁ ሂ እያልን ስንጮኽ እርሳቸው በሌላው በኩል ብራናቸውን በጕልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጽፉ ነበር። መቃውን መርጠው ይቈርጡታል፣ በካራ ጫፉን ያሾሉታል፣ ከዚያም ትንፋሻቸውን ውጠው መካከሉን ጠጕር የምታህል ስንጥቅ ይሰነጥቁታል። ቀለሙንም የሚያዘጋጁት ራሳቸው ነበሩ፤ ከድስት ቂጥ የተፋቀው ጥቀርሻ ከአረረ እህልና ከሙጫ ጋር ተወቅጦና ተዋሕዶ፣ እንደ ጠላ ተጠንስሶ፣ ወራት እስኪያልፉት ድረስ ይቀመጣል። ቀለሙ የሚቀዳባቸው ሁለት ቀንዶች በጫፋቸው መሬት ላይ ተተክለው ይቆማሉ፤ በአንዱ ጥቍር፣ በሁለተኛው ቀይ አለ። ቀዩ ለእግዚአብሔርና ለእመቤታችን ስም፣ ለምዕራፍም መጀመሪያ የተጠበቀ ነበር። ሊቃውንቱን «የቀለም ቀንድ» ሲሏቸው ስሰማ እኔ የሚታየኝ ጥምጣምና ካባ አልነበረም፤ ያ መሬት የተተከለው የበሬ ቀንድ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ዶሮ ላባርር ብዬ ስሮጥ እግሬ ቀዩን ቀንድ ገለበጠው። ለእመቤታችን ስም ወራት ሲጠበቅ የኖረው ቀለም ሁሉም ሰው እያየ በአፈሩ ተመጠጠ። የኔታ አለንጋቸውን ያነሣሉ ብዬ አንገቴን ስሰብር፣ እርሳቸው አለንጋውን ከማንሣት የባሰ ነገር አደረጉ፤ ረጋ ብለው «ይህን ልጅ ቀለም አይዘልቀውም፤ ይኸው ቀለሙ ራሱ ሸሽቶት መሬት ገባ!» አሉ። ሕፃናቱ ሣቁ፤ ቃሉም ከግቢው ወጥቶ ሰፈራችንን አዳረሰ፤ ሳገባም ከጥሎሽ ጋር አብሮ ለባለቤቴ ደረሰ።

የኔታ አንድ ልማድ ነበራቸው። አዲስ የቀረጹትን መቃ ወዲያው ወደ ቅዱሱ ቃል አያቀርቡትም፤ አስቀድመው በባዶ ቅጠል ላይ ሁለት ሦስት ቃል ጭረው፣ ቀለሙ ቢወፍር ጥቂት ውሃ አድርገውበት፣ ጫፉ ቢያስቸግር እንደገና አሹለውት ይፈትኑታል። የጥንት ብራና መጻሕፍትን የፊትና የኋላ ቅጠል ገልጦ ያየ ሰው እንዲህ ያለውን የብርዕ መፈተኛ ደጋግሞ ያገኛል፤ በመካከሉ ያለው ገድል ወይም ድርሳን በጥንቃቄ ተጽፎ ሳለ በዳሩ ላይ ግን ጸሐፊው ብርዑ ደኅና መሆኑን የሞከረባት አንዲት ቃል ተቀምጣለች። የድርሳኑ ቃል የቅዱሳን ነው፤ ያች ቃል ግን የሰውዬው የራሱ ናት። በዚያን ጊዜ ይህን አላስተዋልሁም ነበር፤ አንባቢ ግን ከአሁኑ ልብ ይበልልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁና።

ብዕር የምንለው ቃል ራሱ በግእዝ ብርዕ ነው፤ ፍችውም መቃ፣ አገዳ ማለት ነው። ነቢዩ ዳዊት በ44ኛው መዝሙሩ አንደበቱን በጸሐፊ ብርዕ ሲመስል በእጁ የነበረው ወርቅ የተቀባ ፓርከር ሳይሆን ይኸው ከወንዝ ዳር የሚቈረጥ አገዳ ነው። የቋንቋችንን ጥበብ ደግሞ እዩልኝ፤ እንጀራን በወጥ ማጥቀስ፣ ብርዕን በቀለም ማጥቀስ፣ የሊቃውንትን ቃል መጥቀስ፣ ቈንጆን በዓይን መጥቀስ ሁሉም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። በሁሉም ውስጥ ጫፍ ነካ አድርጎ መመለስ አለ፤ ጠልቆ የቀረ እንደ ሆነ ግን ወጡ እጅጌን ያበላሻል፣ ቀለሙ ገጽን ያበላሻል፣ ጥቅሻውም ትዳርን ያበላሻል።

የማይጠቀስ ብዕር መጀመሪያ ያየሁት በአውራጃ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ከአንድ ራፖር ጸሐፊ እጅ ነው። አያቴ የድንበር ክርክር ነበረባቸውና ምርኵዛቸውን ይዤ ተከትያቸው ሄድሁ። ጸሐፊው ከጃንጥላው ሥር በሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ከደረቱ ጥቍር ብዕር መዘዘና «ለክቡር…» ብሎ ጀመረ። እኔም ቀንዱን ፍለጋ መሬት መሬቱን ማየት ያዝሁ። ቀንድ የለም፤ ብልቃጥም የለም። ሰውዬው አንዱን ገጽ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ፤ አሁንም አንድ ጊዜ እንኳ አላጠቀሰም። ትዕግሥቴ አልቆ «ጋሼ፣ ቀለሙን ከየት ያመጣዋል?» ብዬ ብጠይቀው ቀና ሳይል «ከሆዱ ነዋ፣ እንደ ባለጉዳይ!» አለኝ። አያቴ በክርክሩ ተረቱ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዕር ተረታሁ።

ቀለምን ሆድ ውስጥ አስቀምጦ በልክ ማውጣት ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1827 ዓ.ም. ፔትራኬ ፖኤናሩ የተባለ የሩማንያ ተወላጅ በፓሪስ ተማሪ ሳለ ቀለሙን በውስጡ ለሚይዝ ብዕር ከፈረንሳይ መንግሥት የፈጠራ መብት ተቀብሏል። ነገር ግን የዚያ ዘመን ብዕሮች ወይ እንደ ንፉግ አንዲት ጠብታ ይከለክላሉ፣ ወይ እንደ ሰካራም ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያፈሳሉ። ምክንያቱን ጠላ ከገንቦ የቀዳ ሁሉ ያውቀዋል፤ አፈ ጠባቡ ገንቦ ዘንበል ሲል ጠላው ሲወጣ በፋንታው አየር ካልገባ አይወርድም፤ አየሩ በግድ ሲገባ ደግሞ ቡልቅ ብሎ ጠረጴዛውን ያጥባል። ሉዊስ ዋተርማን የተባለው አሜሪካዊ በ1884 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያገኘበት ብልሃት ከምላሱ ሥር ባለው መጋቢ ላይ ቀጫጭን ቦዮች መቅደድ ነው፤ የኩራዝ ክር ላምባን ሽቅብ እንደሚስብ እነዚያ ቦዮች ቀለሙን ቀስ አድርገው እየሳቡ ያወርዱታል፣ አየሩም በዚያው መንገድ ተመልሶ ይገባል። ዋተርማን የመድን ድርጅት ወኪል ሳለ አንድ ትልቅ ውል ሊያስፈርም ብዕሩ ቀለም ተፍቶ ውሉን ስላበላሸበት፣ ተናዶ ይህን ሠራ እየተባለ ይነገራል። የታሪክ ተመራማሪዎች ለዚህ ማስረጃ አላገኙም፤ እኔ ግን አምነዋለሁ፣ ብዕር በሰው ላይ የሚያደርሰውን ሸሚዜ ያውቃልና። ጆርጅ ፓርከርም ቢሆን በዊስኮንሲን የቴሌግራፍ መምህር ሳለ ለተማሪዎቹ የሸጠላቸው ብዕር እየፈሰሰ ስላስቸገራቸው ሲጠግን ሲጠግን ነው በ1889 ዓ.ም. የራሱን የፈጠራ መብት እስከ ማግኘት የደረሰው። ተማሪውን ከመምከር ብዕሩን ማረም እንደሚሻል የተረዳ መምህር እርሱ ብቻ ይመስለኛል።

የራሴን ብዕር ያገኘሁት የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ያለፍሁ ጊዜ ነው፤ አጎቴ «የኔታ ዋሽተዋል» ብሎ ሸለመኝ። ምላሱ ወርቅ፣ የምላሱ ጫፍ ደግሞ በቶሎ እንዳይበላ ከጠንካራ ማዕድን የተሠራ ነበር። ነገር ግን ጠንካራውም ቢሆን በዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየተሞረደ የጌታውን እጅ አያያዝ ይለምዳል፤ እንደ አሮጌ ጫማ ለባለቤቱ ምቹ፣ ለሌላው ግን ቆርቋሪ ይሆናል። እነዚህ ብዕሮች በተሠሩበት አገር ፊደሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ በራሱ እግር የሚቆም ኩሩ ስለ ሆነ፣ ብዕሩ በየፊደሉ መነሣትና መውረድ፣ በየቃሉም መጨረሻ ሁለት ነጥብ ማኖር ነበረበት። የዛሬ ልጆች ሁለቱን ነጥብ ትተው ባዶ ቦታ ያኖራሉ፤ በእኛ ጊዜ ግን ሁለት ነጥብ የጸሐፊው መተንፈሻ ነበረች። የሚቀጥለውን ቃል ፈልጎ ያጣ ሰው ብዕሩን ነጥቡ ላይ ተክሎ ሲያስብ ነጥቡ እያበጠ ባቄላ ያህል ስለሚሆን፣ መምህራችን ደብተራችንን ገልጠው የት የት ላይ እንደ ደነቈርን ሳያነቡ ያውቁ ነበር።

አሁን ስለ ሸሚዙ ልናዘዝ። ለመንግሥት ሥራ ድሬዳዋ ወርጄ ስመለስ በባቡር ተሳፈርሁ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ግማሽ የጐደለውን ብዕሬን በደረት ኪሴ ሰክቼ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ናት፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሰው ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ የሚከብደው አየር እየሳሳ ይሄዳል፤ በብዕሩ ሆድ ውስጥ ታሽጎ የወጣው የቆላ አየር ግን የውጪው ሲሳሳለት እየተነፋ፣ ቦታ ሲያጣም ቀለሙን ገፍቶ ያስወጣዋል። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የተማርሁት። ባቡሩ ከአዋሽ ተነሥቶ ዳገቱን ሲያያዘው እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ለገሃር ስወርድ ሰው ሁሉ ደረቴን እያየ መንገድ ስለ ለቀቀልኝ፣ ሹመቴ በሬዲዮ የተነገረ መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ በግርማ ተራመድሁ። ቤቴ ደርሼ በሩን የከፈተችልኝ ባለቤቴ ከደረቴ እስከ ቀበቶዬ የወረደውን ሰማያዊ አየችና፣ አልጮኸችም፣ አላዘነችም፤ «እልል በሉ! የኔታ ይህን ሳያዩ ሞቱ። ይኸው በስተርጅና ቀለም ዘለቀህ፤ እስከ ካናቴራህ!» አለች። በሎሚ ታሸ፣ በወተት ተዘፈዘፈ፣ በበረኪና ተቀጣ፤ ቀለሙ ግን ጸና። ከዚያ ወዲህ ደጋ ስወጣ ብዕሬን ወይ እስከ አፉ እሞላዋለሁ ወይ ፈጽሜ ባዶ አደርገዋለሁ፤ ምላሱንም ሽቅብ አድርጌ እይዘዋለሁ። ግማሽ ሙሉ የሆነ ነገር፣ ብዕርም ይሁን ሰው፣ ከፍ ባለ ቦታ ማፍሰሱ አይቀርም።

ይህን ሁሉ መከራ የማያውቀው እስክሪብቶ የመጣው ከአንድ የሀንጋሪ ጋዜጠኛ አእምሮ ነው። የጋዜጣ ማተሚያ ቀለም ቶሎ እንደሚደርቅ፣ ነገር ግን ከመወፈሩ የተነሣ በብዕር ምላስ እንደማይወርድ አስተውሎ፣ በምላሱ ፋንታ የምትሽከረከር ትንሽ ኳስ ጫፉ ላይ አኖረና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1938 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የሰውዬውም ስም ላስሎ ቢሮ ይባላል። እንግዲህ ብዕሬን ከቢሮ ያስወጣው ሰው ስሙ ራሱ ቢሮ መሆኑን ስሰማ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው አባባል ለእኛ ብቻ የተነገረ አለመሆኑን አመንሁ። እርግጥ የቢሮው ሰው ምክንያት ነበረው፤ በሦስት ቅጂ የሚሞላ ቅጽ መካከሉ ካርቦን ሲገባበት እስክሪብቶ ተጭኖ ሦስተኛውን ድረስ ያስተላልፋል፤ የእኔ ብዕር ግን ወረቀቱን ዳበስ ብቻ ስለሚያደርገው የላይኛው ቅጂ ያምራል፣ የታችኞቹ ሁለቱ እንደ ነጡ ይቀራሉ። በዚህ ምክንያት ሦስት ጊዜ ከመስኮት ተመልሻለሁ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ውሰት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ጨዋ ወጣት «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» አለኝ። በአገራችን ለዚህ ጥያቄ የለኝም ማለት ውሃ ለጠየቀ ሰው በር እንደ መዝጋት ነውና፣ እጄ ልቤን ሳያማክር ብዕሩን ሰጠ። ልጁ በመጀመሪያ ከኋላው የሚጫን ነገር ፈልጎ በአውራ ጣቱ ጠቅ ጠቅ አደረገው። ከዚያ ክዳኑን አወለቀና ምላሱን ገልብጦ፣ ሆዱን ወደ ሰማይ ጀርባውን ወደ ወረቀት አድርጎ፣ ሙሉ ክንዱን አሳርፎ ጫነው። ወርቁ ሲጐብጥ ያየሁት በዓይኔ ነው፤ የሰማሁት ግን በጥርሴ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይሠራም» ብሎ በአክብሮት፣ በሁለት እጁ መለሰልኝ። ፒያሳ ያሉ አንድ ሰዓት ሠሪ በአጕሊ መነጽር እያዩ ለአንድ ሳምንት ካስታመሙት በኋላ መጻፍ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሠ ላይ ሲደርስ ያነክሳል።

ይሁን እንጂ ብዕር የቀልድ ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። የነገሥታቱ ቃል በጽሑፍ የሚወጣበት ጸሐፌ ትእዛዝ የተባለ ማዕርግ ነበረን፤ ዳግማዊ ምኒልክም በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስቴርን ከጦርና ከፍርድ ሚኒስቴር ጋር አሰልፈው አቆሙ። በዚሁ በእኛ አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ ላይ የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መነጋገር ይችላሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ዐድዋ ላይ በጦር ተፈታ። አንድ ብዕር ሁለት ምላስ ሲኖረው የሚፈሰው ቀለም ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ባለቤቴ ጥያቄ ልመለስ። ሁልጊዜ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እስኪፈላ ድረስ ብዕሮቼን አውጥቼ ለብ ባለ ውሃ አጥባለሁ፣ በጨርቅ አደርቃለሁ፣ ከብልቃጡ ቀለም እሞላለሁ። ትንሿ የልጅ ልጄ አንድ ቀን ምላሱን ብልቃጥ ውስጥ ነክሬ ስስብ አየችኝና «አባባ፣ ቻርጅ እያደረግኸው ነው?» አለችኝ። አዎን፣ አልኋት፤ ሳምንት ይቆያል፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ከሞላሁ በኋላ እንደ የኔታ ልማድ እያንዳንዱን ብዕር በአንድ ወፍራም ደብተር ላይ እፈትናለሁ። ይህን ስል ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ልጽፈው ላሰብሁት ታላቅ መጽሐፍ የሚሆነውን ነጭ ወረቀት ግን እስካሁን አልነካሁትም፤ ብዕሩ አልተስተካከለም፣ ቀለሙ ወፈረ፣ ዛሬ ደመና ነው እያልሁ እነሆ እዚህ ደረስሁ።

ባለፈው ክረምት ጉንፋን አልጋ ላይ ሲያውለኝ ባለቤቴ ያን ደብተር አንሥታ ጮኽ ብላ ታነብብ ጀመር። ከፊሉ ሀ ሁ ሂ ነው፤ ከፊሉ ስሜ ነው። ነገር ግን ብዕር የሚፈትን ሰው የሚጽፈው ሲጠፋው ፊት ለፊቱ ያለውን ይጽፋልና፣ በመካከሉ እንዲህ የሚል ይገኝበት ነበር፦ «ጥቍሩ ብዕር፤ ቀለሙ ደኅና። ዛሬ ሴት ልጅ ተወለደችልን።» «ቀዩ ብዕር ያንጠባጥባል። እናቴን ቀበርን።» «አዲስ ቀለም። ቡና እንደገና ተወደደ።» «ሠ ያነክሳል። ልጅቱ ወደ ውጭ አገር ሄደች፤ ቤቱ ጭር አለ።» ጥቂት ገጽ ካነበበች በኋላ ድምፅዋ ቀነሰ፤ ከዚያም በልቧ ታነብብ ጀመር፤ ቡናውም እስኪገነፍል አላስተዋለችውም። ደብተሩን ዘግታ «መጽሐፉስ ይኸው ተጽፎ ኖሯል፤ የቀረው ጽሕፈትህን ማስተካከል ነው» አለችና ወደ ጀበናዋ ሄደች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስለ በሬና ስለ ጥማድ አንሥታብኝ አታውቅም።

ስለዚህ በቤቱ ስሜቱን የሚጠብቅ ብዕር፣ ቀኑን የሚጠብቅ ንጹሕ ወረቀት ያለው አንባቢ ካለ የምለምነው ነገር ይህ ነው፦ ቅዱሱን ቃል የሚጽፉት ሊቃውንት እስኪመጡ ድረስ የዳሩን ቅጠል ባዶ አይተውብኝ። እኔም ይህን ወግ የጀመርሁት ትናንት ከፒያሳ የገዛሁትን ቀለም ለመፈተን ነው። ቀለሙ መልካም ነው፤ ሠ ግን አሁንም ያነክሳል።